ኪስ የምትገባ ታብሌት ትጠቅማለች? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ አስተማሪ ነኝ። ከስልክ የምትተልቅ፣ ከታብሌት የምታንስ ዕቃ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ይዤ ስለምዞር "ይቺ ደግሞ ምንድን ናት? ልግዛት ወይ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። ተማሪ ይጠይቀኛል፣ የቢሮ ሰው ይጠይቀኛል። ባለፈው ሳምንት ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናት ሳይቀሩ ጠይቀውኛል። በየመንገዱ ጎደሎ መልስ ከምሰጥ አንድ ቦታ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው።

የኔን ሐሳብ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ለሚያነብ ሰው ትጠቅማለች። ለማያነብ ሰው ትልቅ ስልክ ይበቃዋል።

የትኛዋን ነው መሃለኛ የምትላት?

ከ7 እስከ 9 ኢንች ያለችውን። ኢንቹ የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ነው። የዛሬ ትልልቅ ስልኮች 6.7 አካባቢ ናቸው። ሙሉ ታብሌት የሚባለው 10 እና 11 ነው። በመሃል አይፓድ ሚኒ አለች፣ 8.3 ኢንች ናት። የሳምሰንግ ጋላክሲ ታብ ኤ9 አለች፣ 8.7 ኢንች። የኔ ይቺን የምታህል ናት። 7 ኢንቾቹ ዛሬ ገበያ ላይ ብዙም አይታዩም፤ ያገለገሉት ግን እዚህም እዚያም ይገኛሉ።

ስልኬ እኮ 6.7 ነው። በሁለት ኢንች ምን ይጨመራል?

ሁሉም የሚስተው እዚህ ላይ ነው። እኔም ስቼ ነበር።

ኢንች የሚነግራችሁ ሰያፉን ብቻ ነው። ስልክ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ቀበቶ በሉት። ባለ 6.7 ኢንች ስልክ የስክሪኑ ወርድ 7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቁመቱ 15 ሴንቲ ተኩል ይሆናል። ባለ 8.7ዋ ታብሌት ግን ወርዷ ከ11 ሴንቲ ያልፋል፣ ቁመቷ 19 ነው። አባዙትና ስፋቱን እዩት፦ ስልኩ 108 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ታብሌቷ 215። እጥፍ ማለት ነው። ሁለት ኢንች ብላችሁ የናቃችሁት ሌላ አንድ ስልክ ጎን ለጎን እንደ መግጠም ነው።

ባለ 7 ኢንቿ ደግሞ ቁመቷ ከስልኩ ትንሽ ያጥራል። ወርዷ ግን 9 ሴንቲ ተኩል ይጠጋል። ስለዚህ ሱቅ ስትሄዱ "ስንት ኢንች ነው?" ብቻ ብላችሁ አትመለሱ። ማስመሪያ ያዙና ወርዷን ለኩ። ባለሱቁ ቢስቅባችሁ ይሳቅ።

ተማሪ ነኝ። መጽሐፉ የደረሰኝ በሶፍት ኮፒ ነው። ይጠቅመኛል?

አዎ። ይቺ ዕቃ ሥራዋ ይሄ ነው ብዬ የማምነው ላንተና ላንቺ ነው።

አዲሱ የመማሪያ መጽሐፍ ታትሞ ለሁሉም አልደረሰም። ተማሪው በቴሌግራም ተቀባብሎ ፒዲኤፉን ስልኩ ላይ አድርጎ ነው የሚያነበው። ክፍል ውስጥ ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል። አንድ አንቀጽ ለማንበብ ገጹን በሁለት ጣት ይለጥጡታል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ይጎትቱታል፤ መስመሩ ሲያልቅ ወደ ግራ ይመልሱታል። ሦስተኛው መስመር ላይ የትኛው መስመር ላይ እንደነበሩ ይጠፋቸዋል።

ምክንያቱ ቀላል ሒሳብ ነው። ፒዲኤፍ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ለኤ4 ወረቀት ነው። ኤ4 ወርዱ 21 ሴንቲ ነው። 7 ሴንቲ ስልክ ላይ ሲገባ ሲሶ ይሆናል። በ12 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) የተጻፈ ፊደል 4 ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ ካለው ጽሑፍ አይሻልም። ባለ 8.7 ላይ ያው ፊደል 6 ነጥብ ተኩል ይሆናል። ይሄም ገና ትንሽ ነው። ግን የገጹን ነጭ ጠርዝ ቆርጦ የሚያሳይ የፒዲኤፍ አፕ ካደረጋችሁ ወደ 8 ነጥብ ተኩል ይወጣል፤ ያ ይነበባል። ታብሌቷን አግድም ብታዞሯት ደግሞ ፊደሉ ከወረቀቱ ጋር ሊተካከል ምንም አይቀረውም። በአንድ ጊዜ የሚታያችሁ የገጹ ግማሽ አይሞላም እንጂ ወደ ጎን መጎተት አይኖርም፤ ወደ ታች ብቻ ነው።

ስልኩንስ አግድም ባዞረው? ይቻላል፤ ፊደሉ ያድጋል። ግን በአንድ ጊዜ የሚታያችሁ የገጹ ሲሶ ነው። ሥዕሉ ላይኛው፣ ጥያቄው ታችኛው ላይ ሲሆን ፊዚክስ የሚያነብ ተማሪ ያብዳል።

የግዕዝ ፊደላችን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ቡ እና ቢን የሚለያቸው አንዲት ቅጥያ ናት፤ አንዷ ወገቡ ላይ፣ አንዷ እግሩ ላይ። ፊደሉ 4 ነጥብ ሲሆን ያቺ ቅጥያ ከዓይን ትጠፋለች። "ቡሬ" የሚለውን "ቢሬ" ብሎ ጮክ ብሎ ያነበበ ልጅ ክፍሌ ውስጥ አለ። ቡሬ የተወለደ ልጅ ነው! ስልኩን ተቀብዬ ሳየው እኔም አልለየሁትም።

እውነት ኪስ ይገባል? የማንን ኪስ?

የጃኬት ኪስ ይገባል። የሱሪ ኪስ አይገባም። የገባ መስሎ ከታያችሁ አትመኑት።

የመጀመሪያዋ ታብሌቴ ያገለገለች 7 ኢንች ነበረች። ከኋላ ኪሴ ግማሽ አካሏ ወጥቶ ትቆም ነበር። እኔም ኮራሁባት። ወደ ባሕር ዳር ስሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ደምበጫ ላይ ሰው ሲወርድ ሌላው እንዲገባ ተጠጋ ተባልኩ፤ ተጠጋሁ፤ ከሥሬ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ወንበሩ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ፍኖተ ሰላም ለሻይ ስንወርድ ሳወጣት ከላይ እስከ ታች የሸረሪት ድር ሠርታለች። ባሕር ዳር የሚጠግን ልጅ ጋ ወሰድኳት። አገላብጦ አያት። "የዚች ስክሪን እዚህ የለም፤ ከአዲስ አበባ ካልመጣ" አለኝ። ዋጋውን ሲነግረኝ የገዛሁበትን ግማሽ ሊሆን ትንሽ ነው የቀረው። ተውኳት። የታወቀ ስልክ ስክሪን በየሰፈሩ ይገኛል፤ የታብሌት ግን ይሄ ችግር አለበት።

ማርቆስ ብርድ ነው። ጃኬትና ኮት ዓመቱን ሙሉ ስለምንለብስ ለኛ ከተማ ኪሱ አለ። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ በቲሸርት ለሚሄድ ሰው ግን "የኪስ ታብሌት" ስሟ ብቻ ነው፤ በእጅ ወይ በቦርሳ ነው የምትያዝ። ሴቶቹ ባልደረቦቼ ይሄን ክርክር ሲሰሙ ይስቃሉ። የቀሚስ ኪስ ድሮም የለም፣ ሁሉም ነገር ቦርሳ ነው የሚገባ፤ ቦርሳ ከተያዘ ደግሞ ለምን ትልቁን አልይዝም ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ልዩነቱ ክብደት ላይ ነው፦ አይፓድ ሚኒ 300 ግራም እንኳ አትሞላም፤ ሙሉዎቹ ታብሌቶች ግማሽ ኪሎ ይጠጋሉ። ግማሽ ኪሎ በአንድ እጅ ይዞ ሩብ ሰዓት ማንበብ ይሞክሩትና ይንገሩኝ።

ስልኬን ሸጬ እሷን ብቻ ብይዝስ?

አይሆንም።

ዋይፋይ ብቻ ያላቸው አሉ። እነሱ ሲም አይቀበሉም፤ ስለዚህ *804# ብሎ ሒሳብ ማየት የለም፣ በ*127# ቴሌብር መክፈት የለም። ሲም የሚቀበሉትም ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ይደውላሉ፤ አንዳንዶቹ ዳታ ብቻ ነው የሚያወጡ። ከመክፈላችሁ በፊት ሲማችሁን አስገቡና እዚያው ሱቁ ውስጥ ደውሉ።

የሚደውል ቢሆንም ጆሮ ላይ ሳህን እንደ መለጠፍ ነው። ገበያ መሃል ሞክሬዋለሁ፤ ሰው ቆሞ ያያል።

ይልቅ ትንሽ የቁልፍ ስልክና ይቺን ታብሌት አንድ ላይ የሚይዙ ሰዎች አውቃለሁ። ይሄ ያስኬዳል። ስልኩ ለመደወልና ለቴሌብር፣ ታብሌቷ ለቀሪው። ቴሌግራም ታብሌቷ ላይ ያለ ሲም ይሠራል፤ የሚያስፈልገው ስትከፍቱት አንድ ጊዜ የምትመጣዋ ኮድ ናት። ቁልፍ ስልክ ብቻ ካላችሁ ኮዷ በአጭር መልእክት ትምጣ ብላችሁ ጠብቋት።

ለትልልቅ ሰዎችስ?

ይሄን ከየኔታ ጋር ልንገራችሁ።

በቢቸና በኩል አንድ የቅኔ መምህር ዘመድ አሉኝ፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። ዳዊታቸውን በማኅደሩ አድርገው ትከሻቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ ያለሱ ከቤት አይወጡም። ዓይናቸው ደክሟል። ለፋሲካ ስሄድ ታብሌቷ ላይ መዝሙረ ዳዊት ጭኜ ወሰድኩላቸው። ፊደሉን አሳድጌ ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

ዝም ብለው አነበቡ። ከዚያ ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ታብሌቷ ላይ ደረቡት። ወርዱ እኩል ነው ማለት ይቻላል።

"ይቺማ ዳዊት ናት" አሉ። "ማኅደር ይበጅላታል።"

"ይመችዎታል ወይ የኔታ?"

"ፊደሉስ መልካም ነው። ግን ጣቴን አትሰማኝም።"

እውነትም አትሰማም። የእርሻና የመቋሚያ ጣት ነው፤ ደርቋል፣ ጠንክሯል። እነዚህ ስክሪኖች ላያቸው ላይ ጥቂት ኤሌክትሪክ አለች፤ የሚሠሩት ጣት ሲነካት የምታሳየውን ለውጥ በመለየት ነው፤ ደረቅና ጠንካራ ቆዳ ሲሆን አይለዩትም። አንዴ ይነካሉ፣ ዝም። ደግመው ይነካሉ፣ ሦስት ገጽ ይዘላል። "ኧረ ዲያ! መዝሙረኛው እሮጣለሁ አለ እንዴ?" ብለው ሳቁ። ጣታቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ሲያደርጉ ተሻለ። በኋላ የስክሪን ብዕር ገዛሁላቸው፤ ጫፉ ጎማ የሆነውን ርካሹን። እሱ ሠርቷል።

ስለዚህ ለትልልቅ ሰዎች አዎ፤ ፊደል ማሳደጉ ብቻ ዋጋዋን ያወጣል። ግን ገዝታችሁ ሰጥታችሁ አትሂዱ። አብራችሁ ቁጭ በሉ። አላስፈላጊውን አፕ ሁሉ አጥፉና አንዱን ብቻ ፊት ለፊት አድርጉላቸው። ማታ ደግሞ የስክሪኑን ብርሃን ዝቅ አድርጉት።

መብራት ይሄዳል። ባትሪዋ ይችላል?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትልቅ ዕቃ ትልቅ ባትሪ ይመስለዋል። ጋላክሲ ታብ ኤ9 ባትሪዋ 5,100 ሚሊ አምፔር ሰዓት ነው። ተራ የዛሬ ስልክ 5,000 አለው። ባትሪው ያው፣ የምታበራው ስክሪን ግን እጥፍ! ስለዚህ ተአምር አትጠብቁ። እኔ ብርሃኗን ግማሽ አድርጌ፣ ዳታ ዘግቼ ሳነብ ቀኑን ታደርሰኛለች። ቪዲዮ ከሆነ አታደርስም።

ፓወር ባንክ ግዙ። ባለ 10,000 ብላችሁ የገዛችሁት ሁለት ጊዜ አይሞላትም፤ መሃል ላይ የሚባክን አለ። አንድ ጊዜ ተኩል ቢሞላት ጥሩ ነው። የሶላር መብራት ያላችሁ ደግሞ የዩኤስቢ ቀዳዳ ካለው ይሞላታል፤ ቀስ እያለ ነው እንጂ።

ኢንተርኔት ሲጠፋስ?

እንዲያውም ያን ጊዜ ነው የምትጠቅም። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ያነበብኩትን ያህል አንብቤ አላውቅም። ሜሞሪ ካርድ የምትቀበለዋን ምረጡ። አይፓድ ሚኒ ካርድ አይቀበልም። 64 ጊጋ ካርድ ላይ የአንድ ክፍል መጻሕፍት በሙሉ ገብተው ለፊልምም ቦታ ይተርፋል። መስመር ባለ ጊዜ አውርዳችሁ አስቀምጡ።

ታጣፊ ስልክ አይሻልም? እሱ እኮ ሁለቱንም ነው።

ገንዘቡ ላለው ይሻል ይሆናል። የመጀመሪያው ጋላክሲ ፎልድ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ 1,980 ዶላር ነበር። ሲዘረጋ 7.3 ኢንች ይሆናል። በዚያ ብር እዚህ ምን ምን እንደሚገዛ ራሳችሁ አስቡት። አቧራ ደግሞ ማጠፊያው ውስጥ ሲገባ አይወድም። የበጋን የገጠር መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ጥሩ ከሆነች ለምን ገበያው ላይ ጠፋች?

አንድ ጊዜ ዓለሙ ሁሉ እሷን ይዞ ነበር። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2010 የመጀመሪያውን ጋላክሲ ታብ ሲያወጣ 7 ኢንች ነበር። በዚያው ዓመት አይፓድን የሚሠራው የአፕል አለቃ ስቲቭ ጆብስ ይሄ መጠን አይሆንም አለ፤ ሰው ጣቱን ፍቆ እንዲያቀጥን የብርጭቆ ወረቀት አብሮ ይሸጥላት ብሎ ቀለደ። እሱ በ2011 አረፈ። በ2012 የራሱ ኩባንያ 7.9 ኢንች አይፓድ ሚኒን አወጣ። ጎግልም በዚያው ዓመት ኔክሰስ 7ን አመጣ።

ያጠፋት የጆብስ ቀልድ አይደለም፤ ስልክ ራሱ አደገባት። የመጀመሪያው አይፎን በ2007 ስክሪኑ 3.5 ኢንች ነበር። በ2011 ጋላክሲ ኖት 5.3 ሆኖ ሲወጣ ሰው የጆሮ ጠረጴዛ ነው ብሎ ሳቀ። በ2024 አይፎን 16 ፕሮ ማክስ 6.9 ደረሰ፤ የሚስቅ የለም። ፋብሪካዎቹም ስልኩ ካደገ መሃለኛዋ ምን ታደርጋለች አሉ። ግን ቅድም እንዳልኩት ስልኩ ያደገው ወደ ላይ ነው። ወደ ጎን ብዙም አላደገም። እጅ ስለማይጨብጠው ሊያድግም አይችልም። ለሚያነብ ሰው ደግሞ የሚያስፈልገው ጎኑ ነው።

ለመስክ ሥራስ?

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋ በታብሌት መመዝገብ የተለመደ ነው። ቆሞ ለሚመዘግብ ሰው 8 ኢንች ልክ ናት፤ በአንድ እጅ ትያዛለች፣ በሌላው ይነካል። ዝናብ ላይ ግን ላስቲክ አልብሷት። ጠብታ ስክሪኗ ላይ ሲያርፍ ጣት መስሏት የራሷን ታደርጋለች።

ለሕፃን ልጄ ልግዛ?

ልጅዎ ካርቱን ነው የሚያይባት። እኔ አልገዛም።

ያገለገለ ወይም ርካሽ ስገዛ ምን ልይ?

መጀመሪያ የአንድሮይዱን ዕድሜ። የ2013ቷ ኔክሰስ 7 ጥሩ ስክሪን አላት፣ ዋጋዋም ይጥማል። ግን ከኩባንያው የመጨረሻ ያገኘችው አንድሮይድ 6 ነው። ዛሬ ብዙ አፕ፣ በተለይ የባንኩ፣ አልገባም ይላችኋል። ለፒዲኤፍ ብቻ ከሆነ ይሁን።

ቀጥሎ የውሸት ቁጥር። ካርቶኑ ላይ 12 ጊጋ ራም፣ 512 ጊጋ ስቶሬጅ ተጽፎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ አለ። ሴቲንግ ውስጥም ያንኑ ይጽፋል፤ ተደርጎ ነው የተሠራው። ፈተናው ይሄ ነው፦ ሁለት ሦስት ትልልቅ ፊልሞች ጫኑባት፤ ደጋግማችሁ ኮፒ አድርጉ። የተባለው ሳይደርስ ፋይሉ አልከፍት ካለ ውሸት ነው። ባለሱቁ ይሄን አላስደርግም ካለ መልሱን አግኝታችኋል።

ሲም ትቀበላለች ከተባለ *#06# ንኩ። አይኤምኢአይ የሚባለው የዕቃዋ መለያ ቁጥር ካልመጣ ወይም መደወያው ራሱ ከሌለ ተዉት። ለግማሽ ሰዓት ያለ ቻርጀር ቪዲዮ አጫውቱና ከመቶው ስንት እንደወረደ እዩ። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጧት። የርካሾቹ ስክሪን ሱቅ ውስጥ ያበራል፣ ደጅ ሲወጣ መስተዋት ይሆናል፤ ከፊደሉ ይልቅ የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩ።

ማን አይግዛ?

ቲክቶክና ፌስቡክ ብቻ የሚያይ። ስልኩ ገና የተሰነጠቀበትና የአንድ ዕቃ ብር ብቻ ያለው፤ እሱ ስልኩን ይቀይር። ላፕቶፕ ያለውና ሁልጊዜ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ። ረጅም ነገር የሚጽፍም እንዲሁ፤ ጂቦርድ በሚባለው የጎግል መጻፊያ ላይ አማርኛ አለ፣ በሁለት አውራ ጣት ደህና ይጻፋል፣ ግን አምስት ገጽ ሪፖርት አትጻፉባት። እኔ ሞክሬ አንገቴን ለሁለት ቀን አሞኛል።

ያንተዋ አሁን የት ናት?

ይሄን የምጽፈው በስልክ ነው። እሷን እህቴ ወስዳብኛለች። 12ኛ ክፍል ናት፤ ፈተና ስትጨርስ እመልሳለሁ ብላለች። ትናንት ማታ መብራት ጠፍቶ ጋቢ ተከናንባ በሷ ብርሃን ባዮሎጂ ስታነብ አየኋት። ጠርዟ ላይ ስሟን በማርከር ጽፋበታለች።